ሰው ላይ ያልደረሰው ምርምር

መካነ ሰላም፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሉሊት ተሰማ፤

እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? እመቤቴ ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ፤ ከክፉ ሰውና ከክፉ ቀን ትሰውርሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን እንዳልልሽ ውሸት አልወድም። ስለዚህ ሰላምታዬን እዚህ ላይ ላቁመውና ወደ ነገሩ ልግባ።

ልጄ አወቀ ወድቋል። ኅዳር መጨረሻ ላይ እዚሁ ከተማ የአንድ ነጋዴ ቤት ቆርቆሮ ሲመታ የቆመበት የጣሪያ እንጨት፣ ሞራሌው፣ ተሰበረና በጀርባው ድንጋይ ላይ አረፈ። ጓደኞቹ ደንግጠው ብድግ አድርገው በትከሻቸው ተሸከሙት። እንደዚያ መነሣት እንዳልነበረበት የሰማነው በኋላ ደሴ ከደረስን ነው። ሦስት ሳምንት ተኛ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየኝና «እማማ፣ አከርካሪው ውስጥ ያለው ነርቭ ተጎድቷል» አለኝ። «ይቀጠላል?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። ከእምብርቱ በታች ያለው አካሉ አይታዘዘውም፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም። በሚያዝያ ለቀጠሮ ተመለሱ ብለው ወደ ቤታችን ሰደዱን።

አንቺ ከሐኪሞች ጋር እንደምትሠሪ፣ ያውም አከርካሪን ከሚያጠኑ ታላላቅ ሐኪሞች ጋር እንደሆንሽ፣ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ለአገሩ ሁሉ ሲያወራ ነው የሞተው። እኔ ገንዘብ ላኪልኝ አልልሽም። ቃል ላኪልኝ። ልጄ ይድናል ወይስ አይድንም? እነሱ ምን ይላሉ?

ስልኩም ኢንተርኔቱም ከጠፋ ከርሟል። ይህን ለሚኒባስ ረዳት እሰጠዋለሁ፤ ደሴ ላለው ለፈንታው ያደርስልኛል። ፈንታውን ታውቂዋለሽ፣ የባሌ ወንድም ልጅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው። በስልኩ አንሥቶ ይልክልሻል፤ የአንቺንም አትሞ ይሰድልኛል። እንግዲህ የምንጻጻፈውን ሁሉ እሱ ማንበቡ አይቀርም፤ አስበሽ ጻፊ።

አክስትሽ ንግሥቴ አራጌ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእቴቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አወቀ ልጅ ሆነን ዛፍ ላይ አውጥቶኝ መውረድ ሲያቅተኝ እየሳቀ የሚያወርደኝ ልጅ ነበር። እሱ ከቤት ጣሪያ ላይ ወደቀ ብሎ ማመን አቃተኝ።

እቴቴ፣ አንድ መልካም ዜና ልንገርዎት። የዚህ አገር መንግሥት ልክ በዚህ ወር ለአከርካሪ ጉዳት ምርምር የአምስት ዓመት በጀት ፈቅዷል። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ብዙ ተቋማት ተወዳድረውበት እኛ ያለንበት ክፍል ከተመረጡት አንዱ ሆኗል። ፕሮፌሰሯ ሁላችንንም ሰብስባ ኬክ ቆረሰችና የተጎዳ ነርቭ እንደገና ማደግ የሚችልበት ዘመን ሩቅ አይደለም አለች። እኔም በክፍሉ ውስጥ ክትትልና እንክብካቤ ላይ ነኝ። ስለዚህ ተስፋ አይቁረጡ። አወቀንም በርታ በሉልኝ፤ ብዙ ሰዎች ስለ እሱ ዓይነት ጉዳት ቀን ከሌት እየደከሙ ነው።

ፈንታው፣ ስለ ድካምህ እግዚአብሔር ይስጥህ።

የእርስዎው ሉሊት


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለሉሊት፤

እንደ ስምሽ ሉል ሁኚ! ክፉ አይንካሽ! ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለአወቀም አነበብኩለት። መንግሥት በራሱ ገንዘብ ሊያስመረምርህ ነው ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምነው ከፋህ ብዬ ብጠጋው፣ ለካስ እያለቀሰ ነው። ከወደቀ ጀምሮ አልቅሶ አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ጢሜን ላጩኝ አለ፤ ሰው እንዲህ ሆኜ ያየኛል ብሎ።

ወሬው ደግሞ ከእኛ ቀድሞ አገር ለአገር ዞረ። አምላኩን ታስታውሽዋለሽ፣ የወግዲውን? ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ መጣና «ንግሥቴ፣ የኔንም ስም ከመንግሥቱ ዝርዝር አስገቢልኝ» አለኝ። አንተን የሚያምህ ከጠላ ቤት ስትወጣ ብቻ ነው ብዬ መለስኩት። ከአቀስታም ሁለት ሰዎች ስማቸውን በወረቀት ጽፈው ልከውብኛል። መጀመሪያ የራሴ ልጅ ይታይ ብያለሁ፤ ይህ ንፉግነት አይሆንብኝም።

አሁን የምጠይቅሽን በዝርዝር መልሺልኝ። ምርመራው የት ነው? አዲስ አበባ ይመጣሉ ወይስ እኛ ነን የምንሄደው? የደሴውን ፎቶ እንያዘው? በባዶ ሆዱ መሆን አለበት? ቀኑንስ መቼ ታሳውቂናለሽ? የሚያዝያውን የደሴ ቀጠሮ ትተነዋል። ልጁን በዚያ መንገድ ሁለት ጊዜ ማንገላታት ምን ይበጀዋል? ያኛው ሐኪም ስጠይቀው ዝም ያለ ሐኪም ነው። የእናንተዎቹ በመንግሥት የታዘዙ ናቸው።

አወቀ ትንሽ ትኩሳት ይመላለስበታል፤ ሌላው ደህና ነው። አንድ ነገር አለ፤ እሱ ግን በደብዳቤ አይጻፍም፣ ያውም ፈንታው እያነበበው። ቀኑ ሲደርስ ለሐኪሞቹ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ።

የምትኮራብሽ አክስትሽ ንግሥቴ


ጎተንበርግ፣ ግንቦት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእቴቴ፤

እንደምን ከርመዋል? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በጣም በዝቶብኝ ነው። አዲሱ በጀት ከተለቀቀ ወዲህ ቅዳሜና እሑድም እገባለሁ።

ስለ ምርመራው የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ምናልባት አንዳንድ ነገር በደንብ አላስረዳሁ ይሆናል። የተፈቀደው የምርምር በጀት ነው። ምርምሩ ደግሞ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ስለሚገኝ ሰው ላይ አልደረሰም። ጊዜ ይወስዳል። ስንት ጊዜ እንደሆነ ለመናገር ይከብዳል፤ ፕሮፌሰሯም ራሷ ቁርጥ ያለ መልስ አትሰጥም። እስከዚያው ድረስ የደሴውን ቀጠሮ ባይተዉት ጥሩ ነበር፤ ቢቻል ሌላ ቀን እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። አወቀም ውኃ በደንብ ይጠጣ።

አምላኩንና የአቀስታዎቹን ሰዎች ይቅርታ ጠይቁልኝ።

ሉሊት


መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሉሊት፣

እንደምን አለሽ። ሰላምታዬ ያጠረው ስለተናደድኩ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የጎረቤት ሚስቶች ሁሉ ጠመኔ ይዘን በየማታው ቀበሌ የምንሰበሰብበት ዘመን። ምርምር ይሁን ምርመራ ለእኔ አንድ ነበር። ሐኪም የሚያደርገው ነገር ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? የግንቦቱን ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ተጠራጠርኩ። መምህር አምባቸውን አስጠርቼ አስነበብኩት። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ ንግሥቴ፣ ምርመራ የታመመውን ሰው ማየት ነው። ምርምር ደግሞ ወደፊት ለሚታመም ሰው ዕውቀት መፈለግ ነው። ይኼ ለአወቀ አይመስለኝም» አለኝ። በሁለት ፊደል ምክንያት አራት ወር በር በሩን ስናይ ከረምን። አንቺ ታውቂ ነበር። የመጋቢቱን ደብዳቤዬን አንብበሽ በባዶ ሆዱ ይሁን ወይ ስልሽ፣ አንዲት ቃል ጽፈሽ በማግሥቱ መመለስ ትችይ ነበር። ሁለት ወር ቆየሽ። ስትመልሺም እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው የጻፍሽው።

«ሰው ላይ አልደረሰም» ያልሽውን ግን መምህሩም አልተረዳውም። ሰው ላይ ካልደረሰ ማን ላይ ነው የደረሰው? የመንግሥት ገንዘብ በማን ላይ ነው የሚወጣው? ይህን ንገሪኝ፤ ሌላ አልጠይቅሽም።

አወቀ ከስቷል። ትኩሳቱ አሁን ሲመጣ ያንቀጠቅጠዋል። ክሊኒክ ወስጄው የትኩሳት ኪኒን ሰጥተውት መለሱት። የተኛበት ጎኑ ቆስሏል። ሽንቱ እንደ ጤነኛ ሰው አይመጣም፤ ሆዱ ይነፋና ሳይታወቀው ያመልጠዋል፤ ሽታውም ተለውጧል። በቀን ስንት ጊዜ ጨርቁን እንደምለውጥ አልቆጥረውም። ልጄ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቱ ስታጥበው ዓይኑን ይጨፍናል። አይጻፍም ያልኩሽ ይህንን ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት። ፈንታውም ያንብበው፤ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ።

የደሴ መንገድ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆነው። ይህን በደጎሎ በኩል ለሚዞር የአይሱዙ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤ ቢዞር አይጎዳም፤ አወቀን ግን በዚያ መንገድ ማዞር አልቻልኩም።

ንግሥቴ


ጎተንበርግ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ማን ላይ ደረሰ ላሉኝ መልሱ አይጥ ላይ ነው።

አባቴ ያወራልኝ ሥራ የለም። እኔ ሐኪሞቹ አጠገብ እሠራለሁ እንጂ ከሐኪሞቹ ጋር አልሠራም። ሠላሳ ስድስት አይጦች አሉኝ። ጀርባቸው በቀዶ ሕክምና እንዲጎዳ ይደረግና መድኃኒት ይሞከርባቸዋል። እኔ ቤታቸውን አጸዳለሁ፣ እመግባቸዋለሁ። ደግሞ አንድ ሌላ ሥራ አለኝ። ጀርባው የተጎዳ እንስሳ ሽንቱን በራሱ ጨርሶ ማውጣት አይችልም። ካልወጣለት ሽንቱ ወደ ኩላሊቱ ይመለስና በትኩሳት ይሞታል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ እያንዳንዷን በመዳፌ ይዤ ሆዷን በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ እጫናለሁ፤ ሽንቷ እስኪያልቅ። በፋሲካም በገናም። አንዷ እንኳ ከታመመች ለምን ታመመች ተብዬ ቅጽ እሞላለሁ፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። «ክትትልና እንክብካቤ» ብዬ የጻፍኩልዎት ይህ ነው።

በመጋቢት «አንድ ነገር አለ» ሲሉኝ፣ እቴቴ፣ ምን እንደሆነ በዚያው ቅጽበት አውቄዋለሁ። ትኩሳቱንም አውቄዋለሁ። በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ግን እንዴት አወቅሽ ብትሉኝስ? የተሰማ አራጌ ልጅ ስዊድን ድረስ ሄዳ አይጥ ታሸናለች ይባላል ብዬ አፈርኩ። ፈንታው አንብቦ ለደሴ ሰው ቢያወራውስ አልኩ። ለዚህ ብዬ ዝም አልኩ። ውኃ በደንብ ይጠጣ ብዬ ብቻ ጻፍኩ፤ እሷን ስጽፍ የረዳሁት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በጀቱ ለምን ለምን እንደሚውል የሚነጋገር ስብሰባ ነበር። የተጎዱ ሰዎችም ተጋብዘዋል፤ ሕጉ ስለሚያዝ። ወንበር የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። ፕሮፌሰሯ መድኃኒቱ ተሰጥቷት የኋላ እግሯን ያንቀሳቀሰች አይጥ በፊልም አሳየች፤ አይጧ የኔ ናት፣ አውቃታለሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ትሄዳለህ እያላችሁ በእኔ ስም ገንዘብ ትጠይቃላችሁ። እኔ ልሂድ አላልኳችሁም። ሱሪዬ ሳይረጥብ ገበያ ደርሼ መመለስ ነው የምፈልገው። ለእሱ ስንት መደባችሁ?» አሉ። ጸሐፊዋ አስተያየት ብላ መዘገበችው፤ ከዚያ ምሳ ተበላ። ለእሱ የተመደበ ምንም የለም።

ከምሳ በኋላ ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክሁና የአክስቴን ልጅ ነገር ነገርኳቸው። ቦርሳቸውን ከፍተው አሳዩኝ። አሁን የምጽፈውን ከእሳቸውና እሳቸው ከደወሉላት ነርስ ነው የሰማሁት፤ እባክዎ በደንብ ያንብቡት።

ሆዱን እንዳይጫኑት፤ እሱ ለአይጥ ነው፣ ሰውን ይጎዳል። ለሰው ቀጭን ቱቦ አለ፣ ካቴተር ይባላል። አወቀ እጁን በሳሙና ታጥቦ በየአራት በየአምስት ሰዓቱ ራሱ አስገብቶ ሽንቱን ካፈሰሰ በኋላ ቱቦውን መልሶ ያወጣዋል። ነርስ አንድ ሁለት ቀን ካሳየችው ይለምደዋል። በራሱ እጅ ነው፤ እናቱ ማየት የለባትም። በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት፤ ቁስሉ ላይ እንዳይተኛ። ትኩሳት ካለው ግን ይህን ሁሉ ተዉትና ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ኪኒን ሰጥተው ሲመልሷችሁ «አከርካሪው የተጎዳ ነው፣ ሽንቱና ኩላሊቱ ይታይ» በሉ። አትመለሱ።

ሁለት ካርቶን ቱቦ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው ሰጥቻለሁ፤ በዚህ ሳምንት ፈንታው እጅ ይደርሳል። ፈንታው፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ ደብዳቤውን ለሹፌር አትስጥ። አንተው ተነሥተህ ሂድ።

ሉሊት


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሉሊት ተሰማ፤

የነሐሴው ደብዳቤሽ የደረሰኝ መስከረም 6 ነው። አወቀን የቀበርነው ነሐሴ 20 ነው።

በፈንታው እንዳትፈርጂ። ባነበበው ዕለት ተነሥቷል። መንገዱ አላሳልፍ ብሎት ከአቀስታ ተመለሰ፤ ሁለተኛም ሞክሮ ተመለሰ። ሦስተኛው ተሳካለትና ካርቶኖቹን በትከሻው ይዞ በሬ ላይ ደረሰ። ጥቁር መልበሴን ሲያይ ካርቶኖቹን መሬት ላይ አስቀምጦ እዚያው ቁጭ አለ። የዚያ ልጅ አለቃቀስ ለሌላ ልቅሶ ይበቃል። የአይጥሽንም ነገር ለማንም አላወራም። አንቺ ግን ሰውን እንዲህ ገመትሽው።

አወቀ በመጨረሻው ሳምንት ሰው አይለይም ነበር። እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል አስገብተነው ሐኪሙ ኩላሊቱ ነው፣ ዘግይታችኋል አለኝ። ዘግይታችኋል! መቼ እንደምንቀድም ማን ነገረን?

አይጦቹን አልጠላም። ምን አጠፉ፤ እነሱም ተሰብረው ነው። ያ መንግሥትም ጥሩ አድርጓል፤ ለአንዲት አይጥ በቀን ሁለት ጊዜ የሚደርስላት እጅ ቀጥሯል። ያ እጅ ግን የወንድሜ ልጅ እጅ ነው። እጅሽ ስድስት ወር ሙሉ በየጠዋቱና በየማታው ያወቀውን አፍሽ ደበቀው። አይጥ በማሸናትሽ አላፈርኩብሽም። እኔም ልጄን አጥቤያለሁ፤ የታመመን ማጽዳት ምን ነውር አለው? ነውሩ ዝም ያልሽው ነው። የእኔም ድርሻ አለበት። ከሐምሌ ይልቅ በጥር ገመናውን ጽፌ ቢሆን፣ የደሴውን ቀጠሮ ባልተው፣ ይኼን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ያንቺን ደግሞ አንቺ ንገሪ፤ እኔ አልሸከምልሽም።

የምጽፍልሽ ግን ለዚህ አይደለም።

ሀሊማን ታውቂያታለሽ፣ ከእኛ በታች ያለችውን የጨርቅ ነጋዴ። ትልቋ ልጇ ኢልሀም መስከረም መጨረሻ ላይ ከደጎሎ ስትመጣ የተሳፈረችበት አይሱዙ ተገለበጠ። እሷም እንደ አወቀ ሆነች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሀሊማ ከደሴ እንደተመለሰች እኔ ዘንድ መጣች። «አብሽሪ እትዬ ንግሥቴ» ብላ አጠገቤ ተቀምጣ ለአወቀ ዱዓ አደረገች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አወቀን ሕመሙ ከምን ከምን ጀመረው?» አለችኝ። ነገሩ ገባኝ፤ ልጇን ከዚያው ልትጠብቃት ነው። ተነሣሁና ካርቶኖቹን አውጥቼ ሰጠኋት። ከደብዳቤሽም ሆዱን እንዳይጫኑት ከሚለው ጀምሮ ያለውን ገጽ ገንጥዬ ሰጠኋት። ማንበብ አልችልም አለችኝ፤ እኔ አነበብኩላት። አወቀ የሚለውን ቦታ ሁሉ ኢልሀም እያልኩ አነበብኩት።

የሆስፒታሉ ነርስ አሳየቻቸው። ሀሊማ ሰዓቷን እያየች ሱቋን ዘግታ ትመለሳለች፣ ታገላብጣታለች፤ ሌላውን ልጅቷ በራሷ እጅ ታደርገዋለች። ትኩሳት የላትም። ቁስል የላትም። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ በራቸው ላይ በወንበር ተቀምጣ ታናሽ እህቷን ሒሳብ ስታስጠና አየኋት። ጉንጯ ሞልቷል። «ደህና ዋሉ እትዬ» አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሰው ነኝ፣ ክርስቲያን ነኝ፣ እናቷም አልቅሳልኛለች። ደስ አላለኝም። ቀናሁ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና የልጄን ዕድሜ ነው የምትኖረው አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት፤ ጮክ ብዬ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእነሱ በር አላልፍም፤ ወደ ገበያ በላይ በኩል ዞሬ ነው የምሄደው።

ካርቶኖቹ እያለቁ ነው። ሌላ ላኪ፤ በየሁለት ወሩ ላኪ፣ ሳትጠየቂ። ለሀሊማ በስሟ ይሁን፤ ፈንታው ያደርስላታል። በእኔ እጅ አይለፍ። መንገድ ላይ አስቀርቼው ልጅቷ ብትታመም ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ በልጅቷ ላይ አልሞክርም።

ለእኔ አትጻፊ። ይቅር ያልኩሽ ቀን እኔ እጽፍልሻለሁ።

ንግሥቴ አራጌ